አባትህ ደረጃውን ብቻውን የወረደ ዕለት

ለምወድህ ልጄ ለአርጊሪስ፣

እንዴት ከርመሃል ልጄ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ዛሬም ይይዝሃል ወይስ ተወህ? ካትሪን እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ክሴኒ ጥርሷን ቀይራ ጨረሰች? የሽቱትጋርት ብርድ በዚህም ወር አይለቅም ይላሉና ልብስ ደርቡ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «አለን» ስልህ ደግሞ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ አንብበህ ስትጨርስ ይገባሃል።

በየእሑዱ እየደወልክልኝ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ አባትህ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጦ ይሰማል። የጠየቅኸኝ ነገር በጩኸት የሚመለስ አይደለም። «ቤቱን ሽጣችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ይህ ካልሆነ አባባን ያኒና ከተማ ካለው የአረጋውያን ቤት እናስገባው፤ እስከ ፋሲካ መልስ ስጪኝ» አልኸኝ። ይኸው ፋሲካ ደረሰ። መልሱን ከመንገሬ በፊት ግን የደበቅሁህ አንድ ነገር ስላለ መናዘዝ አለብኝ፤ ለመናዘዝም ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

መስከረም ላይ፣ በመስቀል በዓል ማግሥት፣ አባትህ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጢም እየላጨ ሳለ ምላጩ ከእጁ ተንሸራቶ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣ ሲል እሱም ወደቀ። አርባ አምስት ዓመት የዚህን መንደር አገጭ ሁሉ በቀኝ እጁ ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ ያው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ በአንድ ጀንበር አልታዘዝ አሉት። አንደበቱም ተሳሰረ። ከአፉ ቀጥ ብለው የሚወጡት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ስድብና «ኪርያላይሶን»። ሐኪሙ እንደነገረን ስትሮክ ሌላውን ንግግር ሲወስድ ስድብና ጸሎት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። እኔን ሊጠራ ሲል ደግሞ «ሳሙና» ይለኝ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት በትዳር ኖሬ መጨረሻዬ ሳሙና መባል ሆነ! አንተ እዚህ በነበርክበት ሳምንት እንዴት እንደሳቅንበት፣ ወዲያውም እንዴት እንዳለቀስን ታስታውሳለህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ተነሣሁ። አጎርሰዋለሁ፣ አጠጣዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ጫማውን አስርለታለሁ፣ ጢሙን እላጨዋለሁ። ልብ በል፣ የፀጉር አስተካካዩን ጢም እኔ! መጀመሪያ ቀን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለኝ፤ የታገሠኝ መሰለኝ። ጎረቤታችን ዴስፒናም በየቀኑ ሾርባዋን ይዛ ከተፍ ትላለች። ከፊቱ ቁጭ ትልና «እሰይ የኔ ጎበዝ! አንድ ጊዜ ብቻ፣ አፍህን ክፈት» ትለዋለች፤ ሰባ አንድ ዓመት የሞላውን ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ እሱ የሌለ ይመስል፣ «ምስኪን! ምን የነበረው ሰው ምን ሆነ!» ትላለች።

ኅዳር ሲያልቅ አባትህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር መነሣት ተወ። ለምን ይነሣል? ውኃው ይመጣለታል፣ ዳቦው ይቆረስለታል፣ ትራሱ ይስተካከልለታል። እኔ ደግሞ ክፉኛ ደክሞኝ ነበር። ግን አልዋሽህም ልጄ፣ በድካሜ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ሰዎች «ፖሊክሴኒ እኮ ባሏን እንደ እንቁላል ነው የያዘችው» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሚርቶ መጣች። ሚርቶ በየሐሙሱ ከያኒና የምትመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ሃምሳ ዓመት የተጠጋች፣ ድምጿ ጎርናና፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ ሴት። የመጀመሪያው ዕለት ምንም ሳትናገር ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ካልሲውን ሳጠልቅለት፣ ሸሚዙን ስቆልፍለት፣ ብርጭቆውን ከአፉ ሳደርስለት አየች። ከዚያ «ወይዘሮ ፖሊክሴኒ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የታመመው ማነው?» አለችኝ። «እሱ ነዋ!» አልኳት። «ታዲያ መድኃኒቱን ለምን እርስዎ ይውጡበታል?» አለች። ነገሩ አልገባኝም። «ያ ቁልፍ፣ ያ ካልሲ፣ ያ ብርጭቆ የእሳቸው መድኃኒት ነው። እርስዎ በቀን ሃምሳ ጊዜ ከእጃቸው ይነጥቋቸዋል» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ከቤቴ ላባርራት ምንም አልቀረኝም። ሚርቶ ግን እኔን ትታ ወደ አባትህ ዞረችና «አቶ ስታማቲ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችው። አየህ፣ ሦስት ወር ሙሉ እሱን ራሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሐኪሙም እኔን፣ ካህኑም እኔን፣ አንተም እኔን ነበር የምትጠይቁት። አባትህ ታገለ፣ ታገለና «ልጅ… አይደለሁም» አለ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሚርቶ ለእኔ የሰጠችኝ ትእዛዝ አንድ ነበር፤ እጄን ከሽርጤ ኪስ እንዳላወጣ። ቀላል መሰለህ? ባሌ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ሲታገል ቁጭ ብሎ ማየት ከወሊድ ምጥ አያንስም። መጀመሪያ ጊዜ አልቻልኩም፤ ግቢ ወርጄ የማገዶውን ክምር ተደግፌ የሻሼን ጫፍ ነከስኩ። ስመለስ ተቆልፏል። በማይገባው ቀዳዳ ነው እንጂ ተቆልፏል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ለመድን። ሲለብስ የታመመውን ክንድ ያስቀድማል፣ ሲያወልቅ ያስከትላል። ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ እናነጥፋለን። እናቴ የሸመነችውን ምንጣፍ ሳይቀር ሁሉንም ጠቅልዬ ጣሪያ ሥር ሰቀልኩት፤ እግሩን የሚጠልፈው ነገር መቅረት ነበረበት። ኮስማስ፣ የቡና ቤቱ ባለቤትና የአባትህ የዕድሜ ልክ የካርታ ባላንጣ፣ ከበራፋችን እስከ ግቢው በሚወርዱት አሥራ ሰባት የድንጋይ ደረጃዎች ግራና ቀኝ የብረት መደገፊያ ተከለልን። ሚርቶም «ሲወጡ ደኅናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም» ብላ አስተማረችው። ይህንን ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ ሲደጋግመው ይውላል። ቢሆንም እስከ ጥር ድረስ እኔ ከፊት ሚርቶ ከኋላ ካልሆንን በቀር አንዲት ደረጃ ወርዶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ። ጥር ላይ፣ በቅዱስ አትናቴዎስ ቀን ጠዋት፣ ግቢው በረዶ ለብሶ ነበር። ማገዶ ላመጣ ወረድኩ። እንጨቱን እንዳቀፍኩ ከመጨረሻው ደረጃ ሥር አዳለጠኝ። ግራ እጄ ከሥሬ ቀረ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ቁርጭምጭሚቴም ዞረ። ልነሣ ብሞክር ዓይኔ ጨለመብኝ። ዴስፒና ያን ሳምንት ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ክረምቱን ከተማ ነው የሚያሳልፉት፤ ስልኩ ቤት ውስጥ ነው። ያለኝን ድምፅ አውጥቼ ጮኽኩ።

አባትህ በከዘራው ተደግፎ በራፉ ላይ ብቅ አለ። ቁልቁል አየኝ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። «እንዳትወርድ! እንዳትሞክራት!» ብዬ ጮኽኩበት። ዞረና ተመልሶ ገባ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ግራ ገብቶት ተመልሶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ። በረዶው ላይ ተጋድሜ «በገዛ እጄ» አልኩ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ግማሹን ከእሱ፣ ግማሹን ከኮስማስ። አባትህ ስልኩን አንሥቶ በቃሉ የቀረችውን አንዲት ቁጥር በግራ እጁ መታ፤ የቡና ቤቱን። ኮስማስ «አቤት!» ሲል ከአባትህ አፍ የወጣው ስድብ ነው። ስድቡን አልጽፈውም፤ ሰሞነ ሕማማት ነው። ኮስማስም የጠዋት ቀልድ መስሎት «ላንተም እንደዚያው ያርግልህ!» ብሎ እየሳቀ ሊዘጋ ሲል «ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን» የሚል ሰማ። ጆሮው ቆመ። «ስታማቲ፣ ምን ሆንክ? ወደቅክ እንዴ?» አለው። አባትህ ትንፋሹን ሰበሰበና «ፖሊክሴኒ» አለ። እኔን አራት ወር ሙሉ ሳሙና ሲለኝ ከርሞ ስሜን ለኮስማስ ጠራለት! «ፖሊክሴኒ። ግቢ። ወደቀች።» ኮስማስ ከዚያ በላይ አልጠበቀም፤ ቡናውን እሳት ላይ ትቶ ሮጠ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ ያየሁት በሩ እንደገና ተከፍቶ አባትህ ሲወጣ ነው። ብርድ ልብሱን እንደ ካባ አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል፣ ከዘራውን ትቶታል፣ በግራ እጁ መደገፊያውን ይዟል። «ተው ስታማቲ! ስለ ፈጣሪ ተው!» አልኩት። «ዝም በይ» አለኝ፣ ጥርት አድርጎ። መውረድ ጀመረ። የታመመው እግር፣ ከዚያ ደኅናው። ቆም ብሎ ይተነፍሳል። የታመመው፣ ከዚያ ደኅናው። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ እግሩ ከዳውና ወደ ጎን ዘመመ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። የቀሩትን ስምንቱን እንደ ሕፃን ልጅ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወረዳቸው። ልጄ፣ በሠርጋችን ዕለት በነጭ ፈረስ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አምሮበት አያውቅም።

አጠገቤ ሲደርስ ብርድ ልብሱን አለበሰኝ፣ ራሴን ጭኑ ላይ አስደገፈ፣ ጉንጬን በግራ እጁ ዳበሰ። «ቀዘቀዝሽ» አለኝ። ኮስማስ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ የቡና ማንኪያውን በእጁ እንደያዘ እያለከለከ ሲደርስ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ስንሥቅ አገኘን። «ማናችሁን ነው የማነሣው?» አለ ግራ ገብቶት። አባትህም «እሷን። እኔ… መንገዴን አውቃለሁ» አለው።

እኔን ወደ ያኒና ሆስፒታል ሲወስዱኝ ኮስማስ «እኔ ዘንድ እደር» ቢለው አባትህ እምቢ አለ። በማግሥቱ ስመለስ ምድጃው ይነዳል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ አይብና ወይራ ቀርቧል። አንድ ሳህን ተሰብሯል፤ ስብርባሪውን ጠርጎ ጥግ አስይዞታል። ይህ ነው የደበቅሁህ። «እጄን ትንሽ ወለም ብሎኛል» ያልኩህ ያን ሰሞን ነው። እውነቱን ብነግርህ በመጀመሪያው አውሮፕላን መጥተህ ሁለታችንንም እንደ ሻንጣ ጭነህን እንደምትሄድ ስለማውቅ ነው። ይቅር በለኝ።

ስድስት ሳምንት እጄ በጄሶ ከረመ። እኔ ግራ የለኝ፣ እሱ ቀኝ የለው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጥንድ እጅ። ሚርቶ ሁለት ምስማር የተመታበት ጣውላ አምጥታልን ስለነበር ድንቹን ምስማሩ ላይ ይሰካና በግራው ይልጣል፣ እኔ እቆርጣለሁ። እሱ ድስቱን ይይዛል፣ እኔ አማስላለሁ። መጀመሪያ የሠራው የቦሎቄ ሾርባ አረረ፣ ሁለተኛው ጨው በዛበት፤ ሦስተኛውን ዴስፒና ቀምሳ «ፖሊክሴኒ፣ ይሄስ ካንቺ ይሻላል» አለች። አልወደድኩላትም።

ይህችው ዴስፒና ደግሞ አንድ ቀን ማንኪያ ይዛ ከፊቴ ተቀምጣ «እሰይ የኔ ጎበዝ! አፍሽን ክፈቺ» አትለኝም መሰለህ! ቀኝ እጄ እኮ ደኅና ነው! ንዴት እስከ ጭንቅላቴ ወጣ። አባትህ ከማዶ ሆኖ ያየኛል። ሳቀ። ዴስፒና ስትወጣ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና «ምን ነክቶኝ ነው ያን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ያደረግሁህ?» አልኩት። «ፈርተሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ማንኪያውን ከእጄ ካስቀመጥኩ የሚሞትብኝ መስሎኝ ነበር።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መስታወቱ ፊት ተቀመጠና ጢሙን በአረፋ ቀባ። ምላጩን በግራው ያዘ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። አገጩ ሥር ቆረጠው፣ ጆሮው ሥርም ጥቂት ጢም አመለጠው። ቡና ቤት ሲገባ ኮስማስ «ምነው ስታማቲ፣ ማነው የላጨህ?» ቢለው «ተለማማጅ ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ አሉ።

አዎን፣ ቡና ቤት ይሄዳል፤ ብቻውን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል፤ አንዴ ከምንጩ አጠገብ፣ አንዴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር። በአንድ እጁ ካርታ ይዞ መጫወት ስላልቻለ የልብስ ብሩሹን ገልብጦ ካርታዎቹን በብሩሹ ፀጉር መሐል ይተክላቸዋል። ኮስማስ «አሁን ደግሞ በብሩሽ ማጭበርበር ጀመርክ!» እያለ ይጮኻል። ማጭበርበሩስ እውነት ነው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው እያልኩህ አይደለም። ቀኝ እጁ ዛሬም እንደተጨበጠ ነው። ቃል ሲጠፋበት ጠረጴዛውን ይመታል፣ ከዚያም ግማሽ ቀን ያኮርፋል። መጋቢት ላይ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ነበር፤ እግዚአብሔር ሲጠብቀው አልተሰበረም፤ ወንበር ተጠግቶ ከወለል እንዴት እንደሚነሣ ሚርቶ ቀደም ብላ ስላሠለጠነችው ራሱ ተነሣ። አሁን የሚታጠበው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሐኪሙም ስትሮክ ሊመለስ እንደሚችል አልደበቀንም። የደም ግፊት ኪኒኑን ራሱ ነው የሚያስታውሰው፤ ጠዋት ከፀሎት በፊት። ዴስፒና ጠዋት ጠዋት መስኮታችን መከፈቱን ታያለች፤ ሾርባዋን ግን በራፍ ላይ አስቀምጣ እንድትሄድ ተስማምተናል። ኮስማስ መለዋወጫ ቁልፍ አለው። አባትህ ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚውለው።

አሁን መልሱን ልስጥህ። በሆሳዕና ዕለት ዓሣችንን በልተን ስንጨርስ «ለአርጊሪስ ምን ብዬ ልጻፍለት?» ብዬ ጠየቅሁት። እየቆራረጠ ነው የመለሰልኝ፤ እኔ አልሞላሁለትም፣ ጠበቅሁት። «እሱ ጋ አሳንሰር አለ» አለኝ። «እዚህ ደረጃ አለ። እኔ ደረጃውን ነው የምፈልገው።» እኔም «አንድ ቀን ቢያቅተንስ?» አልኩት። «ያን ቀን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለ። ስለዚህ ልጄ፣ ቤቱን ለማየት ይመጣል ያልከኝን ገዢ አስቀረው። ልብህ እንደሚፈራ አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን እሱን ወንበር ላይ ከማስቀመጥ ሌላ ምንም አላተረፈለትም።

በሐምሌ ስትመጡ አውቶቡሱ ድረስ ወርዶ ሊቀበላችሁ ቆርጧል፤ ከወዲሁ እየተለማመደ ነው። እባክህ ሮጠህ ክንዱን እንዳትይዘው። በሱ እርምጃ ሂድ።

ከዚህ በታች ያለው ጠማማ ጽሑፍ የሱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ጻፈው። ወረቀቱን እንኳ አልያዝኩለትም፤ በጨው ዕቃው ነው ያስረገጠው።

«አርጊሪስ፣ ደኅና ነኝ። ቤቱ አይሸጥም። ለግራ እጅ የሚሆን የፀጉር መቀስ አምጣልኝ። አባትህ።»

እንዲህ ያለ መቀስ እናንተ አገር ሳይኖር አይቀርም ይላል። ማንን እንደሚጀምርበት አልነገረንም፤ ኮስማስ ግን ከሰማ ጀምሮ ኮፍያውን ከራሱ አላወለቀም።

ለካትሪን ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችው ሙቅ ካልሲ ለእጄም ለእግሬም ሆኖኛል። ትንሿን ክሴኒን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ፀጉሯን ግን እስክትመጡ አታስቆርጧት። ዴስፒናና ኮስማስ ሰላም ይሉሃል። ሚርቶም ሳታውቅህ ሰላም ትልሃለች። መልካም ፋሲካ ያድርግላችሁ።

እናትህ ፖሊክሴኒ
ካቶ ፔትሪያ፣ ኢፒሩስ
የሕማማት ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2019